የውድድር መኪና ካምቢዮ በሲሙሌተር፦ ከጥርስ ቆጠራ እስከ ማርሽ ምት

መነሻ

በሲሙሌተር (መኪና መንዳትን በኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም) ውስጥ የሚሠራው ባለ 6 ማርሽ ሲኩዌንሻል፣ ማለትም ማርሹ በተራ ብቻ የሚቀየር ካምቢዮ ነው። ሲንክሮናይዘር (ማርሽ ከመግባቱ በፊት ዙሮቹን የሚያስተካክል አካል) የለውም፤ ጥርሶቹ ቀጥ ብለው የተቆረጡ ናቸው፤ ማርሽ የሚቀየረው ከመሪው ጀርባ ባለ ፓድልና በአየር ግፊት ነው። ሞተሩ አራት ሲሊንደር፣ 2 ሊትር፣ ቱርቦ ነው፤ የዙር ጣሪያው በደቂቃ 7500። ሲሙሌተሩ ፊዚክሱን በሰከንድ 333 ጊዜ ያሰላል። አሴቶ ኮርሳ የተባለው ሲሙሌተር የሚሠራውም በዚሁ ፍጥነት ነው፤ አይሬሲንግ የተባለው ደግሞ በ360 ነው። ድምፁ በሰከንድ 48,000 ናሙና ይወጣል።

ብዙ ሲሙሌተር ላይ የማርሽ ድምፅ የሚነሳው የማርሹ ቁጥር ሲቀየር ነው። 3 የነበረው 4 ሲሆን የተቀዳ «ቋ» ይለቀቃል፤ ነዳጅ ተረግጦም ሆነ ተለቆ፣ ዙሩ ገጥሞም ሆነ ሳይገጥም ያው «ቋ» ነው። ትራኩን ሦስት ጊዜ ሳይዞሩ ጆሮ ይሰለቻል። እዚህ የተያዘው መንገድ ተቃራኒው ነው፦ ድምፁ ስለ ማርሽ ቁጥር ምንም አያውቅም። የሚያውቀው ብረት ከብረት ሲገናኝ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ብረቱ በደንብ መገናኘት አለበት።

1ኛ ቀን፦ ጥርስ መቁጠር

የካምቢዮው የጥርስ ዝርዝር በእጅ ከሌለ ከመኪናው ውስጥ የተቀዳ ድምፅ ይበቃል። ድምፁን ወደ ስፔክትሮግራም (የድምፁ ፍሪኩዌንሲዎች ከጊዜ ጋር ሲለዋወጡ የሚያሳይ ሥዕል) መለወጥ ነው፤ የመስኮቱ ስፋት 4096 ናሙና ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ካጠረ ቀጫጭኖቹ መስመሮች ይደበዝዛሉ፤ ከረዘመ ማርሽ የሚቀየርበት ቅጽበት ተለጥጦ ይጠፋል።

ቀድሞ የሚፈለገው የሞተሩ የፍንዳታ መስመር ነው። ባለ አራት ምት፣ አራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈነዳል፤ በደቂቃ 7200 ዙር ላይ ሞተሩ በሰከንድ 120 ጊዜ ስለሚዞር መስመሩ 240 ሄርትዝ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በላይ ከሞተሩ ጋር እኩል እየወጣች የምትወርድ ቀጭን መስመር ትታያለች። በሦስተኛ ማርሽ እሷ 2040 ሄርትዝ ላይ ከተገኘች፣ 2040ን ለ120 ሲያካፍሉት 17 ይመጣል። የሦስተኛው ማርሽ ገቢ ጊር፣ ማለትም በሞተሩ በኩል ያለው፣ 17 ጥርስ አለው ማለት ነው።

መልሱ ሙሉ ቁጥር ካልሆነ፣ ለምሳሌ 17.4 ከመጣ፣ ወይ የሞተሩ ዙር በስህተት ተነቧል ወይ የተያዘችው መስመር የካምቢዮ አይደለችም። የቱርቦ ፉጨት ከሞተሩ ዙር ጋር በቋሚ ብዜት አይሄድም። የዳይናሞና የፓምፕ መስመሮች ደግሞ በሁሉም ማርሽ ያው ብዜት ናቸው። የካምቢዮዋ መስመር የምትለየው በሁለት ነገር ነው፦ ማርሽ ሲቀየር ወደ ሌላ ብዜት ትዘላለች፤ ነዳጁ ተለቆ ቶርኩ (የማዞር ኃይሉ) ዜሮን ሲያቋርጥ ለአፍታ ትከስማለች።

አንድ ጥንቃቄ፦ በመኪና ላይ የሚጫን ካሜራ ድምፁን ራሱ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ ከእንዲህ ያለ ቅጂ የሚታመነው ፍሪኩዌንሲ ነው፤ የድምፁ ጉልበት አይታመንም።

የተያዘው የጥርስ ስሌት ገቢው በወጪው ሆኖ ይህን ይመስላል፦ አንደኛ 13 በ35፣ ሁለተኛ 15 በ31፣ ሦስተኛ 17 በ28፣ አራተኛ 19 በ26፣ አምስተኛ 21 በ24፣ ስድስተኛ 23 በ22፤ የመጨረሻው ማስተላለፊያ ደግሞ 12 በ41። አምስተኛው ወዲያው ተሰረዘ። 21 እና 24 ሁለቱም ለ3 ይካፈላሉ፤ እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ ጥርስ ከ24ቱ የሚገናኘው ከ8ቱ ጋር ብቻ ስለሆነ አበላሉ ወጥ አይሆንም። ጊር ሠሪዎች ይህን ይሸሻሉ። በ20 በ23 ተተካ፤ ምጥጥኑ 1.150 ሆነ።

2ኛ ቀን፦ ሦስቱ መስመሮች

በ7200 ዙር ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ሲቀየር ሞተሩ ወደ 5982 ይወርዳል፤ 17 በመቶ ገደማ ነው። የጥርሱ ዋይታ ግን ከ2040 ሄርትዝ የሚወርደው ወደ 1894 ብቻ ነው፤ 7 በመቶ። ምክንያቱ አዲሱ ማርሽ 19 ጥርስ ያለው መሆኑ ነው፦ ዙሩ ሲቀንስ ጥርሱ ይጨምራል። የመጨረሻው ማስተላለፊያ ደግሞ ከጎማው ጋር የተሳሰረ ነው፤ በሦስተኛ 7200 ላይ 874 ሄርትዝ ነበር፣ ማርሹ ከተቀየረ በኋላም 874 ነው። ንቅንቅ አይልም።

የካምቢዮ ድምፅ እውነተኛ የሚመስለው በዚህ ነው። ሞተሩ ብዙ ይወድቃል፣ ዋይታው ጥቂት፣ ታችኛው ድምፅ ባለበት ይቀራል። አንድ የተቀዳ ድምፅ ተወስዶ ከሞተሩ ዙር ጋር ከፍና ዝቅ ሲደረግ ሦስቱም አብረው ይወድቃሉ፤ መኪናው የልጅ መጫወቻ የሚመስለው ያኔ ነው።

ስለዚህ የተቀዳ ነገር ቀረና ድምፁ በስሌት ተሠራ። ለእያንዳንዱ ጥንድ ጊር አንድ የፌዝ ቆጣሪ (ጥርሶቹ በግጥሚያቸው የት እንደደረሱ የሚከታተል)፣ በላዩ እስከ ስድስት ሃርሞኒክ (የመነሻው ፍሪኩዌንሲ ብዜት የሆኑ ድምፆች)። መነሻ ጉልበታቸው፦ የመጀመሪያው 0፣ ሁለተኛው ከሱ 8 ዴሲቤል ዝቅ ያለ፣ ሦስተኛው 15፣ አራተኛው 22፣ ከዚያ በላይ ያሉት 30። በስድስተኛ ማርሽ 7200 ላይ መነሻው 2760 ሄርትዝ ነው፤ ስድስተኛው ሃርሞኒክ 16,560 ስለሚሆን የናሙናው ግማሽ ከሆነው የ24,000 ጣሪያ በታች ይቀራል።

መጀመሪያ ሲሰማ የፍሉት ማሽን ይመስል ነበር። ሁለት ነገር ጎድሎት ኖሯል። አንደኛው፣ ምንም ጊር ፍጹም ክብ ሆኖ ስለማይገጠም ዋይታው በሻፍቱ ዙር ልክ ከፍና ዝቅ ይላል። 8 በመቶ ሲጨመርበት ብረት ብረት አለ። ሁለተኛው ቶርክ ነው። ቀጥ ያለ ጥርስ የሚጮኸው ጭነቱን አንዴ አንድ ጥንድ ጥርስ፣ አንዴ ሁለት ጥንድ እየተቀባበሉ ስለሚሸከሙት ነው፤ ቅብብሉ ላይ ጥንካሬው ይዘላል። በሰያፍ የተቆረጠ ጥርስ ቀስ ብሎ ስለሚገባ ይህን ያለሰልሰዋል። ጭነት ከሌለ የሚዘል ነገር የለም። ስለዚህ ጉልበቱ ከቶርኩ ጋር ታሰረ፤ ቶርኩ ዜሮ አካባቢ ሲሆን ዋይታው ጠፍቶ በምትኩ የላላ ጥርስ ኮሽኮሽታ ይመጣል። ነዳጅ ተለቆ ሞተሩ መኪናውን ሲይዝ ጭነቱ በጥርሱ ሌላኛው ፊት ላይ ያርፋል፤ እዚያ ሁለተኛው ሃርሞኒክ በ5 ዴሲቤል ከፍ ተደረገ። ነጂው ፔዳሉን በለቀቀ ቁጥር የድምፁ መልክ ሲቀየር ይሰማዋል።

ዙሩን በሰከንድ 60 ጊዜ ከሚላክ ቴሌሜትሪ (ሲሙሌተሩ ወደ ውጭ የሚልከው መረጃ) ለማንበብ ተሞክሮ ነበር። በየ16.7 ሚሊሰከንዱ ደረጃ ደረጃ ይሰማል፤ ዚፕ እንደመክፈት ያለ። አይሠራም። በ333 ሄርትዝም ቢሆን በሁለት ስሌት መካከል 144 ናሙና ስላለ መሃሉ ቀስ በቀስ መሞላት አለበት።

4ኛ ቀን፦ ጉጦቹ

በዚህ ዓይነት ካምቢዮ ሁሉም ጊሮች ሁልጊዜ ተጋጥመው ይዞራሉ። ማርሽ የሚገባው፣ ከወጪው ሻፍት ጋር የሚዞር ቀለበት ወደ ጎን ተንሸራቶ በዘርፉ ዶግ የሚባሉትን ጉጦቹን በጊሩ ጉጦች መካከል ሲሰካ ነው። እዚህ ስድስት ጉጥ ነው፤ በየ60 ዲግሪው አንድ። የቀለበቱ ጉጥ 22 ዲግሪ፣ የጊሩ 20 ዲግሪ ስለሚይዙ ክፍት የሚቀረው 18 ዲግሪ ነው።

ከሦስተኛ ወደ አራተኛ በ7200፦ የአራተኛው ጊር በደቂቃ 5262 ይዞራል፣ ወጪው ሻፍት 4371። ልዩነቱ 890 ዙር፣ በሰከንድ 5340 ዲግሪ ገደማ ነው። 18 ዲግሪው ክፍተት በ3.4 ሚሊሰከንድ ያልፋል፤ ቀጣዩ ክፍተት ከ11.2 ሚሊሰከንድ በኋላ ይመጣል። ቀለበቱን ወደ ጎን የሚያንሸራትተው ሹካ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ቢገፋው በ3.4 ሚሊሰከንድ የሚገባው 1.7 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የጉጡ ጥልቀት 5 ሚሊሜትር ነው። ሰዓቱ ከገጠመ ጫፉ ይይዝና ይሳባል፤ ካልገጠመ ጉጥ በጉጥ ራስ ላይ ይመታል፣ ይነጥራል፣ ቀጣዩን ይጠብቃል።

የመጀመሪያው ሙከራ በ333 ሄርትዝ ተሠርቶ ተበተነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጉጡ ንክኪ ጥንካሬ በራዲያን 20,000 ኒውተን ሜትር ነው፤ ከፍሪሲዮኑ ወዲህ ያለው የሻፍትና የዲስክ ኢነርሺያ (የዙር ለውጥን የመቋቋም መጠን) 0.006 ኪሎግራም ሜትር ስኩዌር ነው። ሁለቱ አብረው 290 ሄርትዝ ላይ ይንቀጠቀጣሉ። በ3 ሚሊሰከንድ ርምጃ ሲሰላ የንቅጥቅጡ ፍጥነትና የርምጃው ብዜት 5.5 ይሆናል፤ ይህ የስሌት ዘዴ ከ2 በላይ አይችልም። ቁጥሮቹ በአራት ርምጃ ውስጥ ወደ ሰማይ ወጡ፣ መኪናውም አብሯቸው። ካምቢዮው ብቻ በእያንዳንዱ የፊዚክስ ርምጃ ውስጥ 30 ጊዜ እንዲሰላ ተደረገ፤ 9990 ሄርትዝ። ርምጃው 0.1 ሚሊሰከንድ ሲሆን ያ ብዜት ወደ 0.18 ወረደ፤ ስሌቱም ጸና። ጥንካሬውን መቀነስ ቀላሉ መንገድ ይመስላል፤ ግን ጉጡ ላስቲክ ይሆናል፣ ምቱም ይጠፋል።

5ኛ ቀን፦ እሳት መቁረጥ

ብዙ ሰው የካንዴላው እሳት የሚቆረጠው የሞተሩ ዙር ወርዶ ከአዲሱ ማርሽ ጋር እንዲገጥም ይመስለዋል። ስሌቱ ይህን አይደግፍም። እሳቱ ሲቆረጥ ሞተሩን የሚይዘው የራሱ ፍትጊያ ነው፤ 40 ኒውተን ሜትር ቢሆን እና ኢነርሺያው 0.12 ቢሆን በ20 ሚሊሰከንድ ውስጥ የሚወርደው 64 ዙር ብቻ ነው። የሚፈለገው 1218 ነው። እሳት የሚቆረጠው ዙር ለማውረድ ሳይሆን ማርሹ እንዲለቅ ነው። የጉጦቹ ጎን ወደ ውስጥ ትንሽ ዘመም ተደርጎ ይቆረጣል፤ ጭነት ላይ እርስ በርስ ይሳሳባሉ፣ በሹካ ኃይል አይላቀቁም። ቶርኩ ለአፍታ ሲጠፋ ሦስተኛው ይወጣል።

ዙሩን የሚያወርደው የጉጡ ምት ነው። 1218 ዙር በ0.12 ኢነርሺያ ሲባዛ 15.3 ኒውተን ሜትር ሰከንድ ነው። በ20 ሚሊሰከንድ ውስጥ ከተዋጠ በገቢው ሻፍት ላይ 765 ኒውተን ሜትር፣ በጎማው ላይ ወደ 3577 ይደርሳል። በ50 ሚሊሰከንድ ከተዋጠ 306 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነጂው ጀርባው ላይ የሚሰማው ግፊያ ነው፤ የሚወሰነውም በፍሪሲዮኑ መንሸራተትና በአክስሎቹ መጠማዘዝ ነው። ፍሪሲዮኑ 600 ኒውተን ሜትር ላይ እንዲንሸራተት ተደረገ። ከዚያ በላይ ሲሆን የኋላ ጎማ በእያንዳንዱ ማርሽ ይጮህ ነበር።

የጊዜው ቅደም ተከተል አሁን ይህን ይመስላል። ፓድሉ ሲሳብ እሳት የመቁረጥ ትእዛዝ ወዲያው ይሄዳል፤ ግን በ7200 ፍንዳታ የሚመጣው በየ4.2 ሚሊሰከንዱ ስለሆነ ትእዛዙ እስከዚያ ድረስ ሊዘገይ ይችላል። 8ኛው ሚሊሰከንድ ላይ የአየር ቫልቩ ይከፈታል፣ ሹካዎቹን የሚያንቀሳቅሰው መቀየሪያ ከበሮ መዞር ይጀምራል። ለአንድ ማርሽ 45 ዲግሪ ይዞራል፦ 15 ለማውጣት፣ 10 ባዶ፣ 20 ለማስገባት። 18ኛው ላይ ሦስተኛው ወጥቷል፤ 24ኛው ላይ የአራተኛው ቀለበት ጊሩን ይነካል። ከ24 እስከ 36 ባለው ጊዜ ይገባል፤ ያ 12 ሚሊሰከንድ ዕድል ነው። እሳቱ የሚመለሰው ሰዓት ተቆጥሮ ሳይሆን ከበሮው 85 በመቶ ሲያልፍ ነው፤ ከዚያም በ15 ሚሊሰከንድ ቀስ ብሎ ይሞላል። 120 ሚሊሰከንድ አልፎ ከበሮው ካልደረሰ አንድ ጊዜ ይደገማል፣ ከዚያ ስህተት ይመዘገባል።

በቋሚ 60 ሚሊሰከንድ መቁረጥም ተሞክሯል። ጉጡ ቶሎ ሲገባ 25 ሚሊሰከንድ በከንቱ ይባክናል፤ መኪናው አፍንጫውን ይደፋል። ሲዘገይ ደግሞ ቶርኩ ግማሽ የገባ ጉጥ ላይ ይመለሳል። በእውነተኛው ዓለም የጉጥ ጥግ የሚበላው እንዲህ ነው።

7ኛ ቀን፦ «ቋ» እና ፍጭት

አሁን ድምፁ የሚነሳበት ነገር አለ። ጉጡ ከወጪው ሻፍት መሃል 35 ሚሊሜትር ላይ ነው፤ በ890 ዙር ልዩነት ሲገናኙ የምቱ ፍጥነት በሰከንድ 3.26 ሜትር ነው። ይህ ፍጥነት በስሌት የተሠሩ፣ ሲመቱ የሚጮኹ ስድስት ደወሎችን ይመታል፦ 180፣ 420፣ 950፣ 1700፣ 2900 እና 4300 ሄርትዝ። ታችኞቹ በ60 ሚሊሰከንድ፣ ላይኞቹ በ15 ይከስማሉ። ምቱ ሲበረታ ላይኞቹ ይበልጥ እንዲደምቁ ተደርጓል፤ ጠንካራ ምት አጭር ስለሆነ ከፍተኛውን ፍሪኩዌንሲ ይቀሰቅሳል። በ4000 ዙር የተቀየረ ማርሽ «ዱም» ይላል፣ በ7200 የተቀየረ «ቋ»። ለሁለቱ የተለየ ድምፅ አልተሠራላቸውም።

ያልተጠበቀው ስጦታ ፍጭቱ ነበር። ጉጥ በጉጥ ራስ ላይ ሲነጥር ስድስት ጉጥ በ14.84 ዙር በሰከንድ ይመታሉ፤ ያ 89 ሄርትዝ ነው። ለፍጭት የተለየ ድምፅ ሳይዘጋጅ ምቶቹ ራሳቸው «ትርርር» አሉ። ሞተሩ ሲወርድ ትርርታው ይቀጥናል፣ ይዘገያል፣ በመጨረሻ አንድ ምት መትቶ ይገባል። የተቀዳ የፍጭት ድምፅ ይህን አይችልም፤ የዙር ልዩነቱን አያውቅምና።

በመጀመሪያ ሁሉም የራስ ምት እኩል ጮኸ፤ መትረየስ ሆነ። በእውነቱ እያንዳንዱ ምት ሹካው በገፋው ልክ ነው። ጉልበቱ ከሹካው ኃይል ጋር ሲታሰር ተስተካከለ።

8ኛ ቀን፦ የመኪናው ሣጥን

የውድድር መኪና ውስጥ ምንጣፍም ሽፋንም የለም። የካምቢዮው ድምፅ በአየር ከሚመጣው ይልቅ በመያዣው፣ በወለሉና በጥበቃ ቱቦዎቹ አልፎ ይመጣል። እነዚህ ብረቶች የራሳቸው ቋሚ ማስተጋቢያ አላቸው። ዋይታው እየወጣ በዚያ በኩል ሲያልፍ ለአፍታ ያብጣል፣ ከዚያ ይቀጥናል።

ሦስት ቋሚ ፊልተር ተቀመጠ፦ 900 ሄርትዝ ላይ 6 ዴሲቤል፣ 1450 ላይ 9፣ 2100 ላይ 7፤ ስለታቸው (የሚያጎሉት ክልል ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር) ከ8 እስከ 12። እነዚህ ከዙሩ ጋር አይንቀሳቀሱም። የተቀዳ ድምፅ ፒቹ (ቅጥነቱና ውፍረቱ) ሲቀየር ማስተጋቢያዎቹ አብረው ይሄዳሉ፤ መኪናው ራሱ እየገዘፈና እያነሰ እንደሚሄድ ዓይነት ይሰማል። ቋሚ ሲሆኑ ግን ነጂው ሳያውቀው ዙሩን በጆሮው መለየት ይጀምራል፤ በሦስተኛ ማርሽ ዋይታው 2100 ላይ ሊያብጥ ሲቃረብ 7200 ነው፣ የመቀየሪያው ጊዜ። ይህ ታስቦ አልተሠራም፤ ተገጣጥሞ ነው። ግን አልተነካም።

10ኛ ቀን፦ ማርሽ ማውረድ

ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ በ6000፦ ገቢው ሻፍት 7222 መድረስ አለበት፤ 1222 ዙር ይጎድለዋል። ፍሪሲዮኑ ሳይነካ ማርሹ በወጣበት ቅጽበት ነዳጅ አንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ብሊፕ የሚባለው ነው። በ80 ሚሊሰከንድ ለመድረስ 192 ኒውተን ሜትር ይበቃል። ብሊፑ ከሌለ ያንን ዙር የሚያወጣው ጎማው ነው፦ በ50 ሚሊሰከንድ ቢዋጥ በኋላ አክስል ላይ 1730 ኒውተን ሜትር ገደማ ተጨማሪ ፍሬን ማለት ነው። መታጠፊያ መግቢያ ላይ የኋላው ክፍል የሚወጣው ለዚህ ነው።

ብሊፑ ልክ 1222 ሲሆን ማርሹ ያለ ድምፅ ገባ። ትክክል ነው፣ ግን የሞተ ነው። ደግሞም ዙሩ ፍጹም ሲገጥም ጉጥ በጉጥ ራስ ላይ ተደግፎ መክፈቻ አጥቶ ሊቆም ይችላል፤ ልዩነት ከሌለ ክፍተቱ አይመጣም። ብሊፑ በ150 ዙር እንዲያልፍ ተደረገ። ክፍተቱ በአማካይ ቶሎ ይመጣል፣ ትንሽ «ጭቅ» ይሰማል።

ጥበቃው፦ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ በ6200 ሲጠየቅ ሞተሩ 7779 ይሆናል፤ ይከለከላል። የሚፈቀደው ከ5977 በታች ነው። ይህ ክልከላ ትርጉም ያለው በአየር ግፊት ለሚቀየረው ብቻ ነው፤ ከበሮው በነጂው እጅና በዘንግ የሚዞር ከሆነ ኮምፒውተሩ እምቢ ማለት አይችልም፣ ሞተሩ ይከፍላል። በዘንግ የሚቀየር መኪና ላይ ጥበቃውን የሚያበራ ሲሙሌተር ነጂውን እያታለለ ነው።

11ኛ ቀን

ፓድሉ አንዴ ተስቦ ሁለት ማርሽ ተቀየረ። የመቀየሪያው ብረት ሲነካ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ይነጥራል። 10 ሚሊሰከንድ ማጣሪያ ተጨመረ፤ ከበሮው ሳይደርስ አዲስ ወደ ላይ ጥያቄ አይቀበልም። ወደ ታች ግን አንድ ጥያቄ ይይዛል፤ ከባድ ፍሬን ላይ ሁለቴ መሳብ የተለመደ ነው።

13ኛ ቀን፦ ንዝረትና መዘግየት

ማርሹ ከገባ በኋላ መኪናው ወደፊትና ወደኋላ ይወዛወዛል። ሁለቱ አክስሎች አብረው በራዲያን 12,000 ኒውተን ሜትር ጥንካሬ፣ መኪናው 1250 ኪሎ፣ ጎማው 0.32 ሜትር ሬዲየስ ሲሆን ውዝዋዜው በሁለተኛ ማርሽ 7 ሄርትዝ፣ በአራተኛ 11 ገደማ ነው። የሞተሩ ኢነርሺያ በምጥጥኑ ስኩዌር እየተባዛ ጎማው ላይ ስለሚታይ ዝቅተኛው ማርሽ ይከብዳል፣ ይዘገያል። ይህ ለድምፅ በጣም ዝቅ ያለ ነው፤ ግን የዋይታውን ቶርክ ስለሚያወዛውዘው «ዋው ዋው» የሚል ጥላ ይሰጠዋል። ያለ ተጨማሪ ሥራ መጣ።

ከወንበሩ ሥር ለተገጠመው ንዝረት ሰጪ የተላከው የጉጡ ምት ብቻ ነው፤ ከ20 እስከ 80 ሄርትዝ ተጣርቶ። ዋይታውን ወደዚያ መላክ ወንበሩን ያደነዝዘዋል፤ ምቱ ሲመጣ አይለይም።

የድምፅ ባፈሩ (ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምበት) ከ512 ወደ 256 ናሙና ወረደ፤ ከ10.7 ወደ 5.3 ሚሊሰከንድ። በ512 ምቱ ከመሪው ግፊት ኋላ ሲመጣ ይሰማ ነበር። በ128 ደግሞ ድምፁ አልፎ አልፎ ይቆረጥ ጀመር፤ 30ዎቹ ንኡስ ርምጃዎች ከድምፁ ጋር በአንድ ክር (በፕሮግራሙ አንድ የሥራ መስመር) ላይ ስለሚሠሩ ነው። ተለያይተው ቢሠሩ ይቻላል፤ ለጊዜው 256 ላይ ቆሟል።

14ኛ ቀን፦ ቆሞ አንደኛ ማስገባት

መኪናው ቆሞ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ፣ ከኒውትራል ወደ አንደኛ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ አልገባም። ስህተት መስሎ ግማሽ ቀን ተፈለገ። ሁለቱም ወገን ቆሟል፤ ከ60 ዲግሪ ክፍቱ 18 ብቻ ስለሆነ ከ10 ጊዜ 7 ጊዜ ጉጥ በጉጥ ራስ ላይ ያርፋል፣ የሚያዞረውም የለም። ሞዴሉ ትክክል ነበር፤ የጎደለው የፍሪሲዮኑ መጎተት ነው። የተረገጠ ፍሪሲዮን ፈጽሞ አይላቀቅም፤ ጥቂት ኒውተን ሜትር ይጎትታል።

2 ኒውተን ሜትር ሲሰጠው ችግሩ ተገለበጠ፦ ኒውትራል ላይ ተረግጦ ሲቆይ ሻፍቱ ከሞተሩ ጋር እስከ ስራ ፈት ዙር ድረስ ይነሳል፤ አንደኛ ሲገባ «ቋ» ብሎ መኪናው ይዘላል። ይህም የውድድር መኪና ጠባይ ነው፤ ፒት ውስጥ የሚሰማው ያው ነው። ግን ፔዳሉ ከተረገጠ ከ0.3 ሰከንድ በኋላ ወዲያው ስራ ፈት ዙር ላይ መድረሱ በዛ። የኩሽኔታውና የዘይቱ ፍትጊያ 1.2 ኒውተን ሜትር ሆኖ በተቃራኒው ተጨመረ፣ መጎተቱም ወደ 1.5 ወረደ። የቀረው 0.3 ሻፍቱን ቀስ ብሎ ያነሳዋል፦ በ0.3 ሰከንድ ወደ 143 ዙር ብቻ። ወዲያው ለሚያስገባ ነጂ ለስላሳ ነው፤ ፔዳሉን ረግጦ ለሚቆይ ይዘላል። ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ፍትጊያው ከመጎተቱ ይበልጥና ሻፍቱ ይቆማል፤ ያኔ ፍሪሲዮኑን ለአፍታ ለቀቅ አድርጎ ጉጡን ማዞር የነጂው ሥራ ነው።